ስኳር፣ ግፊትና የባሌ ተራሮች፦ በእግር ለመጓዝና ዓሣ ለማጥመድ ለምታስቡ

 

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ ቆም ብላችሁ የአባቶችን ጨዋታ አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ድሮ የሚወራው ስለ ገበያና ስለ ልጆች ትምህርት ነበር። ዛሬ ዛሬ ግን አንዱ «ስኳሬ ከፍ ብሏል» ሲል ሌላው «ግፊቴ አልወርድ አለኝ» ይላል። ሐኪሙ ለሁሉም የሚሰጣቸው ምክር አንድ ዓይነት ነው፦ በእግር ሂዱ፣ ክብደት ቀንሱ፣ ቅቤና ጮማ ቀንሳችሁ ዓሣና አትክልት ብሉ። እነሱም ምክሩን ሰምተው፣ መድኃኒታቸውን ተቀብለው፣ ተመልሰው እዚያው ሱቃቸው ውስጥ ይቀመጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያስፈልገዋል ይላል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። ይህን ያህል እንኳ የምናሟላ ስንቶቻችን ነን?

የባሌ ጉዟችን የተጠነሰሰው ከዚሁ ጨዋታ ነው። አምስት አባቶችና ሦስት ወጣቶች ሆነን፣ እኔም በጤና ሙያ ላይ በመሆኔ «ሐኪማችን» ተብዬ፣ በእግር ልንጓዝና ዓሣ ልናጠምድ ተነሣን። ጉዞው እጅግ ደስ የሚል ነበር፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን አንድ አባት ልናጣ ምንም ያህል አልቀረንም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁም በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ቦታውን ላስተዋውቃችሁ።

ዲንሾ፣ ሳነቴ፣ ሐረና

ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በአሰላና በዶዶላ በኩል፣ ወይም በሻሸመኔ ዞራችሁ፣ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትጓዙ ዲንሾ ከተማ ትደርሳላችሁ። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚሁ ሲሆን፣ ከፍታው 3,100 ሜትር ገደማ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በዲንሾ ዙሪያ ጽድና ኮሶ ይበዛል፤ የደጋ አጋዘንም ሰው ብዙም ሳይፈራ በዛፎቹ መካከል ሲግጥ ይታያል። ከዚያ ከፍ ሲባል አስታ ይመጣል። ከአስታው በላይ ደግሞ ሳነቴ የተባለው፣ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሰፊ አምባ ይዘረጋል። እዚያ ከጅብራ በስተቀር ቀና ብሎ የቆመ ተክል የለም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በብዛት የሚገኘው በእነዚሁ ተራሮች ነው፤ ፍልፈሉን አድብቶ ሲይዝ ከመኪና መንገዱ ላይ ሆናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱም 4,377 ሜትር ሆኖ እዚሁ አምባ ላይ ይገኛል። ከአምባው በስተደቡብ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ የጫካ ቡናና ማር ወደሚገኝበት ወደ ሐረና ደን ይገባል።

የአካባቢው ነዋሪ በአብዛኛው ሙስሊም በመሆኑ የሐላል ምግብም መስገጃም አያሳስባችሁም።

በዚህ ከፍታ ሰው መኖር የጀመረው ትናንት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ቦታ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኝ የድንጋይ መጠለያ ውስጥ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከምድጃቸው የተገኘው አጥንት ዋነኛ ምግባቸው የተጠበሰ ፍልፈል እንደነበር ያሳያል። እኛ በበሶ ብንሄድ ይሻለናል!

የወንዙ ዓሣ

ብዙ ሰው ዓሣ ሲባል የዝዋይና የሐዋሳ ቆሮሶ ነው የሚታየው። በባሌ የምታገኙት ግን ትራውት ይባላል። ቀዝቃዛና ንጹሕ፣ የሚወርድ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ለአገራችን እንግዳ ዓሣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ተለቀቀ። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው፣ ሌላው ቡናማ ሆኖ ቀይና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት። ሁለቱም ወደ ሌላ ውኃ ሲዛመቱ ነባር ፍጥረታትን ስለሚጎዱ በዓለም ላይ መቶ ከባድ ወራሪ ዝርያዎች ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ ናቸው። ስለዚህ አጥምዳችሁ ብትበሉት ክፋት የለውም፤ በሕይወት ይዛችሁት ወደ ሌላ ወንዝ መልቀቅ ግን ትልቅ ጥፋት ነው።

ከማጥመዳችሁ በፊት ዲንሾ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስለ ፈቃዱ፣ የት የት እንደሚፈቀድና ስንት መያዝ እንደምትችሉ ጠይቁ። አስጎብኚና የጭነት ፈረስም በዚያው ይገኛል። የአካባቢው ልጆች ዓሣው የት እንደሚደበቅ ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ያለ እነሱ ብትሞክሩ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ስታጠምዱ ትውላላችሁ። ከእነሱ የተማርነው ይህ ነው፦ ትራውት ራሱን ወንዙ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ፣ ውኃው የሚያመጣለትን ነፍሳት እየጠበቀ ይቆማል። ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው መምጣት አለባችሁ። እግራችሁን ጣል ካደረጋችሁ ወይም ጥላችሁ ውኃው ላይ ካረፈ ሄደ። ጠዋት ማለዳና ከዐስር በኋላ ይሻላል። ከእኛ መካከል ከሁሉ በላይ የተሳካላቸው በሱቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የተቀመጡት አባት ነበሩ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ማን እንደ እሳቸው ያውቅበታል!

በጤና በኩል ትራውት ከቅባታማ ዓሦች ይመደባል። መቶ ግራም የበሰለ ሥጋው ከ20 ግራም በላይ ፕሮቲን፣ አንድ ግራም ገደማ ኦሜጋ 3 የተባለውን ጠቃሚ ቅባት ይይዛል። በቫይታሚን ቢ 12ም የበለጸገ ነው። ኦሜጋ 3 ትራይግሊሰራይድ የተባለውን የደም ቅባት ለመቀነስ ይረዳል፤ ለዚህም ነው የልብ ሐኪሞች በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ ብሉ የሚሉት። በዘይት ተጠልቆ እስኪደርቅ የሚጠበሰው ዓሣ ግን የዚህን ጥቅም ግማሽ መንገድ ላይ ያስቀረዋል። በወንዙ ዳር ዓሣውን ሆዱን ከፍታችሁ፣ ጨው፣ ሎሚና ቃሪያ አድርጋችሁ፣ በፍም ላይ በመጥበሻ ወይም በፎይል ጠቅልላችሁ አብስሉት። ሥጋው ነጥቶ በሹካ ሲነካ የሚላቀቅ ከሆነ በስሏል።

ዓሣ መታረድ እንደማያስፈልገው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሆኖም ሣር ላይ ጥላችሁት እየተወራጨ አየር አጥሮት እንዲሞት አታድርጉ። ጭንቅላቱን በእንጨት አንዴ መትቶ መገላገል ይቻላል፤ ሥጋውም እንዲህ ሲሆን ጥራቱ ይጠበቃል። ወዲያው አንጀቱን አውጡ፣ በጥላ ሥር አስቀምጡ፣ በዚያው ቀን ብሉ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የለመዳችሁትን ጥሬ ዓሣ ደግሞ እዚህ አትሞክሩ። ትራውትን በጥሬው የሚበላ ሰው ለዓሣ ኮሶ ትል የመጋለጥ ዕድል አለው።

ሳነቴ ላይ የገጠመን

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከአዲስ አበባ ከሱብሒ በኋላ ተነሥተን በዚያው ቀን ዲንሾ ገብተን አደርን። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ በዌብ ወንዝ ላይ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በጎባ በኩል በመኪና ወደ ሳነቴ ወጥተን በእግር መጓዝ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ከአባቶቻችን አንዱ ወደ ኋላ ቀሩ። ስንጠብቃቸው መጥተው ያለ ምክንያት ተቆጡ፤ ጠባያቸው ግን እንዲህ አልነበረም። እግራቸው ይደነቃቀፋል፤ ፊታቸው በዚያ ብርድ በላብ ርሷል። ሁላችንም «ከፍታው ነው» አልን። እኔም እንዲሁ አሰብኩ። ልናሳርፋቸው ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው።

ልጃቸው «አባቴ እኮ ስኳር አለበት» ባይለኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላህ ያውቃል። ማታ ራሳቸውን አሟቸው ነበር፤ ጠዋትም አቅለሽልሿቸው ቁርስ አልበሉም። የስኳር ክኒናቸውን ግሊቤንክላማይድን ግን እንደ ወትሮው ውጠዋል። ምግብ የለም፣ መድኃኒቱ አለ፣ በዚያ ላይ የሁለት ሰዓት መንገድ! መመርመሪያ መሣሪያውን አውጥተን ስንሞክር «ስሕተት» እያለ እምቢ አለን። እነዚህ መሣሪያዎች አብዛኞቹ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በትክክል አይሠሩም፤ እኛ ደግሞ ሌሊቱን መኪና ውስጥ ትተነው ነበር። አንዱ ወጣት በብብቱ አቅፎ አሞቀው። በመጨረሻ ሲሠራ 48 አለ። ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው፤ ከ54 በታች አደገኛ ነው።

ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ለክተን ደገምን። ተምርና ዳቦም አበላናቸው። ዓይናቸው ሲከፈትና «ምን ከብባችሁኛል?» ሲሉን ሁላችንም አላህን አመሰገንን። እዚያ ግን አልቆየንም፤ ወዲያው ወደ ጎባ ወርደን ሆስፒታል ወሰድናቸው። ግሊቤንክላማይድ በሰውነት ውስጥ ብዙ ሰዓት ስለሚሠራ ስኳሩ አንዴ ከፍ ካለ በኋላ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። «ተነሥቷል» ብሎ መተው የለም።

ስሕተቱ የእኔ ነበር። ከመነሣታችን በፊት እያንዳንዱን ሰው ምን ሕመም እንዳለበት፣ ምን እንደሚወስድ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ የጠየቅሁት ጫማ መያዛቸውን ነው። እናንተ የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ብዙ ለምትሄዱባቸው ቀናት መጠኑን ሊቀንስላችሁ ይችላል። ቁርስ ካልበላችሁ አትውጡ። ተምርና ስኳር ከኪሳችሁ አይለይ፤ በሻንጣ ሳይሆን በኪሳችሁ! ኢንሱሊን የምትወስዱ ደግሞ ሌሊት ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ አስተኙት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሕመማችሁን ይወቅ። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

አየሩ ሲሳሳ

የዚያ አባት የማታ ራስ ምታትና የጠዋት ማቅለሽለሽ ግን ከስኳሩ አልመጣም። እሱ በትክክል የከፍታ ሕመም ነበር። 4,000 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ ግን ቀናት ይፈልጋል። ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ምልክቶቹ ናቸው። ወጣትነትና ጉልበት ከዚህ አያድንም፤ እንዲያውም ሩጠው የሚወጡት ወጣቶች ቀድመው ይወድቃሉ።

ሕጉ ቀላል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ በኋላ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ ማደር ይቻላል። እኛ ብናውቅበት ኖሮ የመጀመሪያውን ሌሊት 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በሮቤ አድረን፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን በዲንሾ ውለን አድረን፣ ሳነቴን በመጨረሻው ቀን ደርሰን እንመለስ ነበር። ከጅዳ፣ ከሪያድ ወይም ከዱባይ ለእረፍት የምትመጡ ወገኖቻችን ደግሞ አዲስ አበባም ለእናንተ ከፍታ ነውና ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ሳታርፉ ወደ ባሌ አትገስግሱ። የአዲስ አበባ ነዋሪ ግን ሁለት ወር ቀደም ብሎ በየሳምንቱ እንጦጦን በእግር ቢወጣ ለእግሩም ለሳንባውም ጥሩ ልምምድ ነው።

ምልክት የታየበት ሰው ባለበት ይረፍ፣ ከዚያ በላይ አይውጣ። ካልተሻለው ይውረድ። ቁጭ ብሎ እንኳ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ አረፋ ያለው ሳል የሚያስለው ወይም ቀጥ ባለ መስመር ላይ ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ መራመድ ያቃተው ሰው ካለ ግን «ይንጋና እንወርዳለን» ማለት የለም። ሌሊትም ቢሆን አውርዱት፤ ሳንባው ወይም አንጎሉ እያበጠ ነውና ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። አሴታዞላማይድ የተባለ መከላከያ ክኒን አለ፤ ለሁሉም ሰው ስለማይስማማ፣ በተለይ የሰልፋ መድኃኒት ለሚቆጣቸው፣ ያለ ሐኪም አትውሰዱት። በቅርቡ የልብ ድካም የገጠመው፣ ግፊቱ ያልተስተካከለለት፣ ከባድ የሳንባ ሕመም ያለበት እንዲሁም ነፍሰ ጡር እናት ከዲንሾ በላይ ለመውጣት ከማሰባቸው በፊት ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። ሕመሙን በአፉ መናገር የማይችል ሕፃንም ከፍ ወዳለው ቦታ ይዞ ማደር አይመከርም።

ጫት ይዘው የሚወጡም አሉ። ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ከፍታውም እነዚህኑ ነው የሚያደርገው። ሁለቱን በአንድ ላይ ምን አመጣው?

ስንቅና ውኃ

በከፍታ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ሳነቴ ላይ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ብትቀቅሉት አይበስልላችሁም። እኛ ምስር ይዘን ወጥተን ጋዛችንን ጨርሰናል። የባሌና የአርሲ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ይመስላል ስንቁ ጩኮ የሆነው፤ ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ ማብሰል የማይጠይቅ፣ የማይበላሽና ኃይል የሚሰጥ። በሶም እንዲሁ። ገብስ ስኳርን ቀስ እያለ ስለሚለቅ ለስኳር ሕመምተኛም ከነጭ ዳቦ ይሻላል፤ የጩኮው ቅቤ ግን ኮሌስትሮል ላለበት ሰው በልክ ይሁን። ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ተምር ጨምሩበት።

ወንዙ ጥርት ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት ይውልበታል፤ ጃርዲያና ሌላም ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስያን አይጠፉበትም። ከፈላ በኋላ ለሦስት ደቂቃ አቆዩት። በየመንደሩ የሚቀርብላችሁን ወተትም አፍልታችሁ ጠጡ፤ ያልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስ የተባለ፣ ለወራት የሚያሠቃይ የትኩሳት በሽታ ያስይዛል። ለመጸዳዳት ደግሞ ከወንዝ ቢያንስ 70 እርምጃ ራቁ፤ ሳሙናም ወንዙ ውስጥ አትጠቀሙ። እናንተ የምታጠምዱበት የዌብ ውኃ ታች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው ያው ነው። ከባሌ በሚወርዱት ወንዞች የሚጠቀመው ሕዝብ እስከ ሶማሊያና ኬንያ ድረስ 12 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆን ይገመታል።

ብርድ፣ ውዱእና ውሻ

ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅና ለእግር ጉዞ ምቹ ነው። ሌሊቱ ግን ውኃ በረዶ እስኪሆን ይቀዘቅዛል። ጥጥ ልብስ ከረጠበ አይደርቅም፤ ከሥር ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ካፖርት ይኑር። ቀን ደግሞ ፀሐዩ ሳይታወቃችሁ ቆዳ ይልጣል፤ ባርኔጣና መነጽር አትርሱ።

ለሱብሒ ውዱእ ውኃ ማታ በቴርሞስ ሙቅ አድርጋችሁ አሳድሩ። እጅና እግራችሁን ወዲያው አድርቁ፤ በተለይ የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ስለማይሰማው በጣቶቹ መካከል እርጥበት እንዳይቀር፣ ማታም ማታ እግሩን በባትሪ ብርሃን ያየው ዘንድ አደራ። ለመንገደኛ በካልሲ ላይ ማበስ፣ ሶላት ማሳጠር፣ ውኃ ለሚጎዳው ሕመምተኛም ተየሙም እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ዝርዝሩን ከመነሣታችሁ በፊት የመስጊዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ረመዳን ላይ ግን ይህን ጉዞ አታስቡት።

አንድ የቀረ ነገር አለ። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1991–92 እና በ2003–04 ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል፤ በሽታው የሚዛመተው ከእረኞች ውሻ ነው። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡ፣ ጉዞውን አቋርጣችሁ በዚያው ቀን ለክትባት ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም።

እነዚያ አባት ዛሬ ደህና ናቸው፤ ክኒናቸውም በሐኪም ትእዛዝ ተቀይሮላቸዋል። በየጠዋቱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ፣ ባለቤታቸውም አብረዋቸው ይወጣሉ። እናቶችን ቤት ትተን መሄዳችን ትክክል እንዳልነበር የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ ስኳሩና ግፊቱ ለእነሱም አልቀረምና። በሚቀጥለው ኅዳር፣ ኢንሻአላህ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ሮቤ አድሮ ዲንሾ ይገባል። ከመነሣታችን በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ለመጠየቅና የእያንዳንዱን ሰው መድኃኒት በደብተር ለመመዝገብ ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ።